አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠራው

ዒዳዬን፣ የባል ሐዘን ወራቴን፣ ጨርሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤት የወጣሁ ቀን፣ ጅቡቲ ውስጥ ያደግኩበት ሰፈር ካርቲየ 6 ስደርስ የረጠበ ጆንያ ሸተተኝ። አንዲት ጫት ሻጭ ያልተሸጡላትን እስሮች በጆንያ ሸፍና ከፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ታርከፈክፍባቸዋለች። የአፈር፣ የገመድና የቅጠል ሽታ ነው። ለሌላው ሰው ምንም የማይመስል ሽታ እኔን እዚያው አቆመኝ። ባለቤቴ ነስሩ ከሞተ ወዲህ ምንም ነገር ሸቶኝ አያውቅም ነበር። ለለቅሶ የመጣው ምግብ አልሸተተኝም፤ ያላጠብኩት ሸሚዙ እንኳ አልሸተተኝም። አፍንጫዬ ድንገት ሲከፈት የመጣልኝ የእሱ ሽታ አለመሆኑ አናደደኝ።

ሻጯ "እህቴ፣ ስንት እስር ልስጥሽ?" አለችኝ።

"አይ፣ ጆንያውን ነው የማየው።"

ጆንያውን አየችው። ጥቁር ልብሴን አየችው። "ጆንያውን አልሸጠውም" አለች፣ ለራሷ በሚመስል ድምፅ።

ያኔ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እዚያው ቦታ ላይ ከአባቴ የጨርቅ ሱቅ ፊት ለፊት የምትቀመጠው አያዮ ኸድራ ነበረች። አያዮ በሶማሊኛ አያት ማለት ነው። አያቴ አልነበረችም፤ የሰፈሩ ሁሉ አያዮ ነበረች። ቤተሰቦቼ ድሬዎች ናቸው፣ የድሬ ሰው ደግሞ አንቱ አያበዛም፤ ስለዚህ አንቺ እላታለሁ። አማርኛውን የለመደችው ወጣት ሳለች ድሬዳዋ ስትነግድ ነው። አቀላጥፋ ትናገራለች፤ ወንድና ሴቱን ግን ታቀያይራለች። አባቴን "ሐጂ፣ መጣሽ?" ስትለው እሱም ምንም ሳይመስለው "መጣሁ" ይላታል።

ጫቱ ቀትር አልፎ ሲደርስ መኪኖቹ ጡሩምባቸውን እየነፉ ይገባሉ። መንገዱ ለአፍታ ይተራመሳል። ከዚያ ሁሉም የገዛውን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ቤቱ ይገባና ከተማው ጭር ይላል። ያን ጊዜ የቀሩት እስሮች እንዳይጠወልጉ ጆንያውን ማርጠብ የእኔ ሥራ ነበር። ከባልዲው በጣሳ እየቀዳሁ አፈስሳለሁ፤ ጆንያው እንደ ተጠማ እንስሳ ድምፅ እያሰማ ይጠጣል። አያዮ በዚያ ሁሉ ሙቀት ውስጥ አንድ ዓይኗን ጨፍና ትነግረኛለች።

የምትነግረኝ ስለ ሰው በላዎች ነበር።

ከአገር ቤት የሚመጡ ዘመዶቻችን የሚፈሩት ሌሊቱን ነበር። እኛ እዚህ ያደግን ልጆች ሌሊት ምን ያስፈራናል? ሌሊት ሰው ሁሉ ውጭ ነው፤ አልጋ አውጥቶ ደጅ የሚተኛው፣ ዶሚኖ የሚጫወተው፣ ጎረቤት የሚያማው። እኛን የሚያስፈራን ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ኸምሲን አሸዋውን እያንገዋለለ ይነፍሳል፤ በሮች ሁሉ ይዘጋሉ፤ ጥላ እንኳ እግር ሥር ገብቶ ይደበቃል። ጭራቅ የሚወጣው ያኔ ነው።

ከተማችን ወደብ ስለሆነች ጭራቆቹም ከየአገሩ እንደ ጭነት መጥተው የተራገፉባት ይመስለኝ ነበር። እናቴ ከድሬ ያመጣችው ጭራቅ አለ፤ አልቃሽ ልጅ ይወዳል። ዓሣ የሚጠብሰው የመናዊ ጎረቤታችን ኡሙ ሲብያንን ይፈራል፤ ሕፃናትን በእንቅልፋቸው አንቃ የምትገድል ጂኒ ናት። ትምህርት ቤት የፈረንሳይኛ አስተማሪያችን ኦግር ስለሚባል ግዙፍ ሰውዬ አንብባልን ነበር። እሱ ልጆችን ወጥ ሠርቶ ነው የሚበላው። ይህን ለአያዮ ስነግራት "የፈረንጅ ጭራቅ ደህና ነው፣ ቢያንስ ያበስላል" አለች። የእሷ ጭራቅ፣ ደግዴር፣ ጥሬውን ነው የምትበላው። አንድ ጆሮዋ ረጅም ነው፤ ተኝታ እንኳ የሩቁን መንገደኛ ኮቴ ትሰማለች።

አንድ ቀን "ናያ ኢክራም" አለችኝ፣ አንቺ ልጅ ማለቷ ነው፤ "የቆምሽው ማን ላይ ነው?"

"መሬት ላይ።"

"ቡቲ ላይ።" በእግሯ አሸዋውን መታ መታ አደረገችው። "ድሮ ይኼ ባሕር ዳር ሁሉ የቡቲ ነው። ሰው ትበላለች፣ ግመል ይበላል። ሰዎች ተሰብስበው መጡ፣ ሰበሩት። ጃብ ማለት መስበር ነው በእኛ። ጃብ ቡቲ። ጅቡቲ።"

"ሞተች?"

"ሰበሩት ነው የተባለው። ሞተች ያለ የለም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ በባዶ እግሬ ስሄድ ቀስ እያልኩ ነበር የምረግጠው።

በዚያው በጋ ፈትያ መጣች። የእናቴ የመጨረሻ ታናሽ እህት ናት። በአንድ እጇ የልብስ ቦርሳ፣ በሌላው ጊሽጣ የሞላ ዘንቢል ይዛ ሱቁ በር ላይ ቆመችና "ሐጂ፣ ለሙሽራ የሚሆን ጨርቅ አለህ? ሙሽራው ግን ገና አልተገኘም" አለችው አባቴን። አባቴ እስኪያለቅስ ሳቀ። ሰው ታስመስላለች። የእናቴን አካሄድ፣ የጫት ሻጮቹን ጥሪ፣ የአባቴን ማንኮራፋት አስመስላ ትሠራልን ነበር። የጊሽጣ ፍሬ በግድግዳ ላይ የመትፋት ውድድር ያስተማረችኝ እሷ ናት። ኢኩ ትለኛለች። ከቬንቲላተሩ ሥር አንድ ምንጣፍ ላይ አብረን እንተኛለን፤ ፀጉሯ ሁልጊዜ አፌ ውስጥ ይገባል።

ታህሪብ የሚለውን ቃል የሰማሁት ሱቁን ከቤታችን ከሚለየው መጋረጃ ጀርባ ነው። ያለ ወረቀት በባሕር ተሻግሮ መሄድ ማለት መሆኑን ያወቅሁት በጣም ዘግይቶ ነው። ትልልቆቹ ሲናገሩ ግን ስለ አንድ ፍጡር የሚያወሩ ነበር የሚመስለው። ታህሪብ ወሰደው ይላሉ። ታህሪብ በላት። ታህሪብ ሰፈሩን ጨረሰው።

"ስንቱን እንደበላ እያየሽ?" ትላለች እናቴ።

"እትዬ፣ የሰፈሬን ልጆች ሁሉ ወስዶ እኔን ብቻ ትቶኛል። ሰርግ ላይ እንኳ አብራኝ የምታጨበጭብ የለችም። ከማን ጋር ልኑር?"

"ከእኛ ጋር። እዚህ ሱቅ አለ።"

"የሰው ሙሽሮች ጨርቅ እየለካሁ ላርጅ?"

"አብሽሪ፣ ያንቺም ይመጣል ኢንሻአላህ።"

"ለአራት ዓመት አብሽሪ ተብዬ ጨርሻለሁ እኮ፣ እትዬ።"

አባቴ እናቴን ቀስ ብሎ "ተያት፣ ሀያት" አላት። "የታህሪብ ነገር አንዴ ጆሮ ውስጥ ከገባ አይወጣም።"

ያን ቀን ፈትያ ምሳ በልታ ስትተኛ ጆሮዋ ውስጥ አየሁ። አንዱን አይቼ ሌላውን ለማየት ጭንቅላቷን ሳዞር ነቃች።

"ምን እያደረግሽ ነው አንቺ?"

"እያየሁ ነው።"

"የጆሮዬን ወርቅ ሸጬዋለሁ፣ አትልፊ" አለችና መልሳ ተኛች።

ምንም አላየሁም። ግን ደግሞ ገና ያልገባ ሊሆን ይችላል፣ ወይም በጣም ጥልቅ ገብቶ ይሆናል። የሚያውቅ ሰው ያስፈልገኝ ነበር።

"አያዮ፣ ታህሪብን አይተሽው ታውቂያለሽ?"

አያዮ ኸድራ ጨፍናው የነበረውን ዓይን ገለጠችው። "ማን ነገረሽ?"

"አባቴ። ጆሮ ውስጥ ይገባል አለ።"

"እውነቷን ነው።"

"ጥርስ አለው?"

"ጥርስ የላትም። ይውጣል እንጂ አያኝክም።"

ወንድ ይሁን ሴት ከእሷ ንግግር ማወቅ አልቻልኩም። ይህ ደግሞ የባሰ አስፈራኝ። "ከደግዴርና ከታህሪብ ማን ይበልጣል?"

እንደምትስቅ ጠብቄ ነበር። አልሳቀችም። "ደግዴር ሮጣ ነው የምትይዝሽ። እግር ያለው ያመልጣታል። ታህሪብ ቁጭ ብሎ ነው። ሰው ራሱ ይሄድለታል።" በአገጯ ከወደቡ ክሬኖች ባሻገር ያለውን ነጭ ሰማይ አመለከተች። "የእኔን ጉሌድ እዚያ ማዶ በልቷታል።"

ጉሌድ ልጇ እንደነበረ አላውቅም ነበር። ልጅ እንደነበራትም አላውቅም። ጆንያውን ሳላቋርጥ አረጠብኩት፤ ውኃው ከጠረጴዛው ወደ እግሬ ፈሰሰ፤ "በቃ፣ አሰመጥሽው" አለችኝ።

"እንዴት ነው የሚያመልጡት?"

የእስሮቹን ጫፍ አንድ በአንድ አስተካከለች። አሁን ሳስበው ለልጅ የሚሆን መልስ እየፈለገች ነበር። ያኔ ግን ምስጢር ልትሰጠኝ መስሎኝ ተጠጋኋት። "ሰው የሚበላ ሁሉ የሚጠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው" አለች። "መድገም አይችልም። ሰው ግን ይደግማል፤ የሚወድሽ ሰው እስክትሰሚው ይጠራሻል። በስምሽ ሲጠሩሽ ሁለተኛውን ሳትሰሚ አቤት እንዳትዪ።"

ሮጬ ገባሁ። ፈትያ ኮረብታ የሚያህል ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ነገርኳት። ታህሪብ ማን እንደሆነ እንደማውቅ፣ ማዶ እንደሚኖር፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚጠራ። ትስቃለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ግን ፊቷን አዞረችና በአንዱ ሸሚዝ አፍንጫዋን ጠረገች። ከዚያ "እሺ፣ እንለማመድ" አለች።

በየተራ ተጠራራን። እኔ "ፈትያ" እላለሁ፤ እሷ እንደ ድንጋይ ትሆናለች። "ፈትያ" ስል ደግሜ፣ "አቤት፣ የኔ እመቤት" ብላ ትነሣለች። በመካከሉ እናቴ ከማዕድ ቤት "ፈትያ" ብላ ተጣራች። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ሁለተኛው ጥሪ አልመጣም። እናቴ ማንኪያ እንደያዘች መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"ደንቁራችኋል?"

"ደግመሽ ጥሪኝ፣ እትዬ።"

"ምን?"

"አንዴ ብቻ። ስሜን።"

"ፈትያ፣ አብደሻል?"

"አቤት" አለች ፈትያ፣ እኔን እያየች። "ሰው ናት ኢኩ። መርምረናታል።" እናቴ ራሷ ሳቀች። በዚያ በጋ እናቴ ስትስቅ የማስታውሰው የመጨረሻው እሱ ነው።

የሄደችው በዚያው በምንፈራው ሰዓት ነው። አባቴ ሱቁን ዘግቶ ተኝቷል፣ እናቴ ተኝታለች፤ መብራት ጠፍቶ ቬንቲላተሩ ቆሟል። ያነቃኝም የእሱ ዝም ማለት ነው። ከውጭ የወንድ ድምፅ "ፈትያ" ሲል ሰማሁ። አንድ ጊዜ። ጮክ ብሎ አይደለም፤ በቆርቆሮው ግድግዳ ሥር ለጆሮዋ የተባለ ነው። ሁለተኛውን ጠበቅሁ። እሷም ቁጭ ብላ፣ ጉልበቷን አቅፋ የጠበቀች መሰለኝ። ከዚያ ተነሣች። ቦርሳዋ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። በሩ ላይ ስትደርስ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ "መጣሁ" አለች።

አልተንቀሳቀስኩም። አቤት አላለችም፣ መጣሁ ነው ያለችው፤ ስለዚህ ሕጉን አልጣሰችም ብዬ አሰብኩ። ትመለሳለች ብዬ ፀጉሯ ከአፌ የወጣበትን ምንጣፍ ይዤ ተኛሁ።

አባቴ ከከተማው ዳር እስካለው ሰፈር፣ ሃያብለ ድረስ ሄደ። ደላሎቹ ተጓዦችን የሚሰበስቡባቸውን የቆርቆሮ ቤቶች እየዞረ በስሟ ጠየቀ። ሲመለስ ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ነበር። "ሄደዋል" አለ።

እኔ አያዮ ኸድራ ጋ ሄድኩ። "መጣሁ ማለት አቤት ማለት ነው?"

ጣሳውን ከእጄ ወሰደችና ጆንያውን ራሷ አረጠበች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የሱቁ ስልክ ጮኸ። አባቴ መስጊድ ነበር፤ እናቴ አነሣች። እኔ ከጠረጴዛው ሥር ስለነበርኩ ከጆሮ ማዳመጫው የወጣውን እኔም ሰማሁት። ነፋስ የሚመስል ነገር፣ ከነፋሱ ውስጥ "እትዬ"። አንድ ጊዜ።

"አቤት" አለች እናቴ። "አቤት ፈትያዬ። አቤት።"

ነፋሱ ተቋረጠ። እናቴ ግን አላቆመችም፤ መስመሩ ከሞተ በኋላም አቤት፣ አቤት እያለች ቆመች። እኔ ከጠረጴዛው ሥር ወጥቼ ቀሚሷን ያዝኩና ጮህኩ። ለፈትያ የጮህኩ መስሏት አቀፈችኝ። እኔ የጮህኩት ለእሷ ነበር። በመጀመሪያው ጥሪ መልሳለችና፣ አሁን የምትበላው እናቴ ናት ብዬ ነው።

ቆይቶ ኦቦክ ከሚባለው ባሕር ዳር የተመለሰ አንድ ወጣት ወደ ሱቁ መጣ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ አባቴ የሰጠውን ውኃ በሁለት እጁ ይዞ ጠጣ። እሱን በሽታ ጥሎት እንደቀረ ነገረን። ጀልባዋ ከሄደች በኋላ ባሕሩ መነሣቱን፣ የጫማና የጀሪካን ነገር ወደ ዳር መመለሱን፣ ከሰው ማንም ደረሰ የሚል ወሬ አለመምጣቱን ነገረን። "ደላላው በየስማችን እየጠራ ነው ያሳፈረን" አለ። "ፈትያ ሲል ሰምቻለሁ።"

"ስንት ጊዜ ጠራት?" አልኩት።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እናቴ ቁጣ ጀምራ ነበር፤ ወጣቱ ግን እንደ ትልቅ ሰው ጥያቄ ቆጥሮት አሰበበት።

"አንድ ጊዜ።"

"አቤት አለች?"

"መጀመሪያ ዝም አለች። እንደ መሳቅ ብላ ዝም አለች። ሰዎች ገፏት፣ ሂጂ እንጂ አሏት። ከዚያ ሄደች።"

አባቴ የእጁን ጀርባ አፉ ላይ አደረገ። ለምን እንደሳቀች የገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ በኋላ በቤታችን አንድ ክርክር ብቻ ቀረ። አባቴ የሩቅ ሙት ሶላት እናሰግድላት ይላል። እናቴ እምቢ ትላለች። ስልኳ የመጣው ጀልባዋ ከሄደች በኋላ ነው ትላለች፤ ማዶ ደርሳ ነው የደወለችው። አባቴ ከመሳፈሯ በፊት ነው ይላል፤ ቀኑን ሊያስረዳት ይሞክራል። እናቴ ጆሮዋን በሻሿ ትሸፍናለች። ሶላቱ አልተሰገደም። የለቅሶ ምንጣፍ አልተነጠፈም። ጎረቤት ምን ብሎ እንደሚገባ ስላላወቀ አልገባም።

እናቴ ከሱቁ ስልክ አጠገብ በርጩማ አስቀመጠች። መጀመሪያ ቀለበቶቿ ከጣቶቿ መውደቅ ጀመሩ። ቀጥሎ ድምፅዋ አነሰ። ቀጥሎ ምሳ ማብሰሏን ተወች፤ አባቴ ከየመናዊው ዓሣ ያመጣልናል። አያዮ እንዳለችው ነበር፤ ታህሪብ አያኝክም፣ ይውጣል። የሚውጠው ደግሞ ቀስ ብሎ ነው፤ ከእግር ጀምሮ። እኔ ከትምህርት በፊትም በኋላም ጠረጴዛው ሥር ቁጭ ብዬ የቀሚሷን ጫፍ ይዤ እጠብቃት ነበር። የቀረውን እንዳይወስድብኝ ብዬ ነው።

ኸምሲኑ አለፈ። ከባሕሩ በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ መጣ፤ ሰዎች አልሐምዱሊላህ አሉ። አንድ ቀን ጆንያውን ሳረጥብ አያዮን ጠየቅኳት። "ቡቲን ሰዎች ተሰብስበው ሰበሯት። ታህሪብን ለምን አይሰብሩትም?"

"ማን ይሰብስባቸው?" አለች። "የሚሰበሰቡት ሁሉ ወደ እሱ ሄደው አልቀዋል።" ከዚያ ደግሞ፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ "ያን የነገርኩሽን፣ የጥሪውን፣ ከየትም አልሰማሁትም። ጉሌድ ከሄደ በኋላ እኔ ነኝ የፈጠርኩት። እሱን ስጠራው እውል ስለነበር ነው። ደጋግሜ" አለችኝ።

ያኔ ይህን አልሰማሁም ማለት እችላለሁ። ቃሉን ሰምቼ ነገሩን አልተቀበልኩትም። ለአንድ ልጅ ጭራቅ የሌለበት ዓለም ከጭራቁ ይልቅ ያስፈራል።

እናቴ ስልክ ስታነሣ ሄሎ ብላ አታውቅም። እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ፣ የተሳሳተ ቁጥር የደወለም ቢሆን፣ አቤት ነበር የምትለው።

ባለቤቴ ነስሩም የሞተው በዚያው ከምሳ በኋላ ባለው ሰዓት ነው። ምሳ በልተን ነበር፤ እሱ ጋደም ብሏል፤ እኔ ሳህን አጥባለሁ። "ኢኩ" አለ ከመኝታ ቤት። አንድ ጊዜ። "አቤት፣ መጣሁ" አልኩና እጄን ጠርጌ ሄድኩ። ስደርስ ማንም አልነበረም፤ አካሉ ብቻ ነበር። ሰዎች ስምሽን ጠርቶ መሄዱ መታደል ነው ይሉኛል። አሜን እላቸዋለሁ።

የረጠበውን ጆንያ ያሸተትኩ ቀን ወደ ቤት ስመለስ የሰፈሩ በሮች ሁሉ ተዘግተው ነበር። ወንበር ላይ ሳልቀመጥ፣ ከመኝታ ቤቱ በኩል ስሜ ተጠራ። ኢኩ። የማን ድምፅ እንደሆነ አልለየሁትም። ነስሩን ይመስላል፤ ፈትያንም ይመስላል። ሁለተኛውን መጠበቅ እንዳለብኝ አውቃለሁ። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አውቃለሁ።

አልጠበቅሁም። "አቤት" አልኩ።

የመኝታ ቤቱን በር ከፍቼ ቆምኩ። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። ጭራቅ እንኳ አልመጣም።